የቀላ ዓይን

የዲንቄ ዓይን በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ሣሩ ማበብ ሲጀምር ይቀላል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። መስከረም ሲጋመስ ማሳከክ ይጀምራታል፤ ጥቅምት ሲገባ የዓይኗ ቆብ አብጦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲወርዳት ይውላል፤ ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና ደግሞ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቷ በሕይወት ሳለች፣ "ይቺ ልጅ ክረምቱ ወጣ ብላ ነው የምታለቅሰው" እያለች ትስቅባት ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ግን በዚህ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ዲንቄ በኮተቤ መንገድ ዳር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። የምትኖረው የካ ተራራ ሥር፣ ከአባቷ ከአቶ ኤጀታ ጋር ነው። ኤጀታ ቀድሞ እዚያው እንጦጦ ግርጌ ያርስ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን የባሕር ዛፉ ጥበቃ ሆኖ ቀን ቀን ጫካው ውስጥ ይውላል። ከጎናቸው፣ በአንድ አጥር ብቻ ተለይተው፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅና አንድ ልጃቸው ዳንኤል ይኖሩ ነበር። ዳንኤል ኮተቤ ለመምህርነት ይማር ነበር። ማታ ማታ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ቲቸር፣ ያቺን መጽሐፍ ጨርሰሻታል?" ይላታል። መጽሐፍ ሲመልስ ገጹን ያጠፈበት ቦታ ሁሉ ይታወቃል፤ በዚያ ትቆጣዋለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከቤቱ ወሰዱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ። የዚያኑ ዕለት የቀበሌ ሰዎች ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞሩ አስጠነቀቁ። እርምጃ የተወሰደበት ጸረ አብዮት ነው። ድንኳን አይተከልም። ጥቁር አይለበስም። አይለቀስም። ያለቀሰ ሰው ግብረ አበሩ ነው።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ አላለቀሱም። በማግስቱ ያንኑ የወትሮ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃቸውን ጠረጉ፤ ገበያ ሄደው ሽንኩርት ገዝተው ተመለሱ። ሰው ሁሉ ፈራቸው። ሰላም ሲሉት መልሶ ቶሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሁለት ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚተያየው ዓይን ለዓይን ሆነ፤ ማን ቀልቷል፣ ማን አብጧል እያለ።

ዲንቄም ለዳንኤል አላለቀሰችም። መሞቱን የሰማች ዕለት ጉሮሮዋ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ቆመ፤ ፍርሃቱ መልሶ አወረደው። ከዚያ በኋላ አልወጣም። ዓይኗ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ይፈስሳል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወርድ ዱቤ የቀበሌው በር ላይ አስቆማት። ዱቤ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ቀደም ሲል ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ አሁን አብዮት ጠባቂ ሆኖ ክላሽ ትከሻው ላይ አንግቷል።

"ነይ እስቲ ወዲህ" አላት።

ተጠጋች።

"ቀና በይ።" በጣቱ አገጯን ቀና አደረገው። ጣቱ የዘይት ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ዓይኔን አሞኝ ነው።"

"መቼ ጀመረሽ?"

ሰሞኑን ልትል አሰበችና ተወችው። ሰሞኑን የሞተው ዳንኤል ነው። "በየዓመቱ ነው የሚያመኝ" አለች።

"በየዓመቱ?" ሳቀ። "በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የሚሞትብሽ ሰው አለ ማለት ነው?"

"የሣር አበባ ነው የማይስማማኝ። አንተም ታውቀዋለህ፣ ድሮ…" አንተ ማለቷ ከአፏ ከወጣ በኋላ አስደነገጣት። ጓድ ማለት ነበረባት። እርስዎ ማለት ይሆን?

ዱቤ መሳቁን አቆመ። "እኔ የማውቀው የማን ጎረቤት እንደሆንሽ ነው። እሑድ ስብሰባ አለ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ከበበ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጪው። ያን ቀን ይሄ ዓይን እንዲህ ሆኖ እንዳላየው።"

መንገዱን ወረደች። ክፍል ገብታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ የጠመኔው ብናኝ ይበልጥ አባሰባት። እንዳታሸው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠቅልላ ያዘች። ከፊት ከተቀመጡት አንዷ ልጅ ጮክ ብላ፣ "ቲቸር እያለቀሰች ነው" አለች። ዲንቄ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ የጻፈችውን እያጠፋች መልሳ ጻፈችው።

በእረፍት ሰዓት አስቴር የምትባል ባልደረባዋ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ እጇ ውስጥ ከተተችላት።

"ባለቤቴ ዓይኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሳለ ሐኪም ያዘዘለት ነው። ተርፎ የቀረ ነው። ቀይ የሚባል ነገር አያስቀርልሽም። ግን ከየት አገኘሽው ብትባዪ እኔን እንዳትጠሪ።"

ዲንቄ ጠርሙሱን ደብቃ ያዘች። ልትጨምረው ነበር፤ ሽንት ቤት ገብታ ክዳኑን ሁሉ ከፍታ ነበር። ፍርሃቷ ግን ሁለት ሆነ። አንዱ ስለ እሑድ ነው፤ ሌላው ስለ ዓይኗ ነው፤ የሌላ ሰው መድኃኒት ናት፣ ምን እንደምታደርጋት አታውቅም። ዘጋችውና ትምህርት ሲያልቅ በኮተቤው መንገድ ወደ ታች ወርዳ መድኃኒት ቤት ሄደች።

መድኃኒት ቤቷን የያዘችው አገርነሽ የምትባል፣ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ዲንቄን ስታያት ሰላምታ አልሰጠቻትም። መጀመሪያ በመስኮቱ መንገዱን አየች።

"ለዓይን የሚሆን ነገር ፈልጌ ነበር" አለች ዲንቄ።

አገርነሽ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እውነቱን ንገሪኝ። ሰሞኑን ዓይን ማጥሪያ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አልሰጥም። አልቅሰሽ ነው ወይስ አሞሽ?"

"አሞኝ ነው። ወላሂ፣ አሞኝ ነው።" ዲንቄ እስላም አልነበረችም፤ ወላሂ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣባት አላወቀችም።

"ያሳክካል ወይስ ያማል?"

"ያሳክካል። አውጥቼ ብጥለው ደስ ይለኛል።"

"ሁለቱንም ዓይንሽን ነው?"

"ሁለቱንም።"

"ጠዋት ስትነሺ ተጣብቆ አልከፈት ይልሻል? ቢጫ ነገር ያወጣል?"

"አይ። ውሃ ብቻ ነው።"

"ብርሃን ታያለሽ? እይታሽ አልቀነሰም?"

"ደህና ነው።"

አገርነሽ ወደ ብርሃኑ ጎትታት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። "እሺ። የሰውነት ቁጣ ነው። አለርጂ ይባላል። ማልቀስ አይደለም። ማልቀስ እንዲህ አያሳክክም።"

ዲንቄ ይህን ስትሰማ ሊያዞራት ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀስሽም ያላት የመጀመሪያ ሰው ነበረች። የአስቴርን ጠርሙስ አውጥታ አሳየቻት።

አገርነሽ ጽሑፉን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ በሐኪም ካልሆነ አይደረግም። ያጠራዋል፤ እውነት ነው። ግን ዓይንሽ ውስጥ ጀርም ካለ ይደብቀዋል፤ ውስጥ ውስጡን ሲበላ ሳታውቂው ትቀሪያለሽ። ሳይነገርሽ ዓይንሽ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ ተዪልኝ።" ከባንኮኒው ሥር አስገባችው። ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙሶች አውርዳ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

"ይቺኛዋ" አለች ክዳኗ ነጭ የሆነውን እየነካች፣ "ቅላቱን ታጠፋለች። ደቂቃም አትፈጅም፤ ደም ሥሩን ታጠብባለች። ማሳከኩን ግን አታድነውም። ደጋግመሽ ካደረግሻት ደግሞ ስትተዪያት ካለፈው ብሶ ይቀላል። ይቺ ቢጫዋ ማሳከኩን ነው የምታቆመው። ትዘገያለች። ጠዋትና ማታ እያደረግሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ እየያዝሽበት፣ ሳታሺው…"

"እስከ እሑድ ትደርሳለች?"

"ልትደርስም ላትደርስም ትችላለች። ግን እኔ ብሆን እሷን…"

በሩ ተከፈተ። ዱቤ ክላሹን እንዳነገተ ገባ።

አገርነሽ ቀና አለች። ድምጿ ወዲያው የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ፤ ጎላ፣ ፈጠን አለ። "እንኳን ደህና መጡ ጓድ። ምን ልታዘዝ?"

ዱቤ ዲንቄን አየ፤ ባንኮኒው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አየ። ከዚያ ነው ዲንቄ የእሱን ዓይን ያየችው። ጠዋት አገጯን ቀና ሲያደርገው ፈርታ አላየችውም። ነጩ ሁሉ ደም መስሏል።

"ሌሊት ሌሊት ጥበቃ ላይ ነኝ" አለ፤ ለማንም ሳይሆን። "ጭሱ፣ አቧራው… ተቃጠለ። የሚያጠራ ነገር ስጪኝ።"

አገርነሽ ክዳኗ ነጭ የሆነውን አነሣች። "ይቺን ያድርጉ። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ግን አይደጋግሟት።"

ዱቤ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ወደ ዲንቄ ዞረ። "አንቺስ? የትኛው ነው የአንቺ?"

ዲንቄ ቢጫዋን አየች። የአገርነሽን ፊት አየች፤ ከመነጽሩ ጀርባ ዓይኗ ወደ ቢጫዋ ዞር ብሎ ተመለሰ። ግልጽ ነበር። ዲንቄ ግን የሰውየው ኪስ ውስጥ የገባችው ጠርሙስ ምን ትመስል እንደነበር ብቻ ነበር የምታስበው። እሱ የያዘውን ከያዘች ምን ይላታል? አብዮት ጠባቂ የገዛውን መድኃኒት የገዛችን ሴት ማን ይጠይቃታል?

"እኔም እንደ ጓድ ዱቤ" አለች። "ነጯን።"

አገርነሽ ጠርሙሷን አውርዳ ሰጠቻት። ዱቤ እስኪወጣ ጠብቃ የምትናገር መስሏት ዲንቄ ቆመች፤ ዱቤ ግን አልወጣም፤ በሩ ላይ ተደግፎ ጠበቃት። ነጯን ይዛ አብራው ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጠብታ አድርጋ መስተዋት ፊት ቆመች። አገርነሽ እንዳለችው ነው። ቅላቱ ዓይኗ እያየ ጠፋ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልደረሰበት ሰው ዓይን ሆነ። በቀበሌው በር ራሷን ቀና አድርጋ አለፈች። ከሰዓት በኋላ ግን መልሶ መቅላት ጀመረ፤ ጨመረችበት። ማታ ጨመረችበት። ረቡዕ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልቆይ አላት። በየእረፍቱ ሽንት ቤት እየገባች ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ታንጠባጥባለች። ሐሙስ ጠርሙሷ ሊያልቅ ደረሰ። አገርነሽ የነገረቻትን ረስታው አልነበረም። የምትሰማው ግን የዱቤን ድምፅ ነበር፤ ያን ቀን እንዳላየው፣ እያለ።

ዓርብ ስትነሳ ዓይኗ እንደ በርበሬ ነው። ጨመረችበት፤ ምንም አልሆነም። ደግማ ጨመረች፤ ምንም።

ቅዳሜ ኤጀታ ሥራ አልሄደም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረ ዓይኗ ላይ ያደርግላታል፤ ሲሞቅ ያነሳዋል፤ መልሶ ይነክራል።

"ኢንተላ ኮ" አላት በኦሮምኛ፤ ልጄ ሲል። "ሱሉልታ አክስትሽ ጋ ሂጂ። ዛሬውኑ በጫካው በኩል አሻግርሻለሁ።"

"ከቀረሁማ አለቀ፣ አባ። ለምን ቀረች ይላሉ። ወደ አንተ ነው የሚመጡት።"

ኤጀታ ጨርቁን ጨመቀው፤ የደረቀውን መልሶ ጨመቀው።

እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቀበሌው ጀርባ ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ አብቦ ነበር። ዲንቄ ገና እዚያ ስትደርስ አፍንጫዋ ሁሉ ማሳከክ ጀመረ። ዱቤ ክንዷን ይዞ ፊት ለፊት አስቀመጣት። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከአጠገቧ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አላዩዋትም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከበበ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ሰርጎ ገቦች ተናገረ፤ ስለ ውስጥ ጠላት ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ እስቲ ይነሱና የሚሰማዎትን ለሕዝቡ ይንገሩ" አለ።

ተነሱ።

"ልጄ…" አሉ። ቆም አሉ። "የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነው።"

"ጮክ ብለው።"

"የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነው።"

አጨብጭቡ ተባለ፤ ተጨበጨበ። ዲንቄም አጨበጨበች። ሴትየዋ ሲቀመጡ ፊታቸውን አየችው። ዓይናቸው ነጭ ነበር፤ ደርቆ ወረቀት መስሏል። የዲንቄ ዓይን ግን በሁለቱም በኩል እየፈሰሰ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። መጥረግ ፈራች። አለመጥረግም ፈራች።

"አንቺ" አለ ከበበ። "ተነሺ።"

ተነሣች።

"ምንድነው የሚያስለቅስሽ?"

"አላለቀስኩም ጓድ ሊቀ መንበር። ዓይኔን አሞኝ ነው።"

"ልክ ይሄ ሲነገር አመመሽ?"

"በየዓመቱ… የሣር አበባ…"

ከበበ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "አሟታል ትላለች። ማነው የሚመሰክርላት?"

ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃል። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ዲንቄ ከኋላ በኩል የአባቷን ሳል ሰማች፤ ሊነሣ መሆኑን አወቀች። በውስጧ፣ ተው አባ፣ ተው፣ ትል ነበር። ሲነሳ ኮቱ ከዱላው ጋር ሲተሻሽ ተሰማት።

ከበበ ግን ወደ ኤጀታ አላየም። ከዲንቄ አጠገብ የቆመውን ዱቤን ነበር የሚያየው። ጠጋ ብሎ አየው።

"አንተስ? ዓይንህ ምን ሆኖ ነው?"

ዱቤ ክላሹን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። እሱም ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ከርሟል፤ የእሱም ብሶበታል። ዲንቄ በሕይወቷ ያን ያህል ቅርብ ሆና የሌላ ሰው ፍርሃት አይታ አታውቅም። ከንፈሩ ነጭ ሆነ።

"በሽታ ነው ጓድ ሊቀ መንበር" አለ ፈጥኖ። "ሰሞኑን የገባ በሽታ ነው። እሷንም እሱ ነው የያዛት። መድኃኒት ቤት አግኝቻታለሁ፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው የገዛነው።" ከደረት ኪሱ ጠርሙሱን አወጣ። "አሳዪ አንቺም!"

ዲንቄ ያንን ባዶ ሊሆን የቀረበውን ጠርሙስ አወጣች። ሁለቱ ጠርሙሶች በከበበ ፊት ጎን ለጎን ተያዙ። ከበበ አንዱን ተቀብሎ ገልብጦ አየና ቶሎ መለሰው፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ይተላለፋል?"

"ይተላለፋል ይባላል" አለ ዱቤ።

አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ከበበም አንድ እርምጃ ራቀ። "ታከሙ። ሁለታችሁም። ከሰው ጋር አትቀላቀሉ" አለና ወደ ሌላ ጉዳይ ገባ። ዲንቄ ተቀመጠች። ዱቤ እስከ ስብሰባው መጨረሻ ወደሷ አላየም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በአጥሩ ክፍተት ገቡ። ዳንኤል ከሞተ ወዲህ የእነ ዲንቄን ደጅ ረግጠው አያውቁም ነበር። ኤጀታ በርጩማ ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

"ነገ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ትወስጂኛለሽ?" አሏት።

"እርስዎን ምን አመመዎት?"

"ዓይኔን።"

ዲንቄ አየቻቸው። ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባት።

"እማማ፣ ዛሬ ያየነው አይበቃም? ካወቁብን…"

"ዛሬ አየሁት" አሉ። "በሽታ ነው ሲባል ተዉሽ። ፊታቸው ቆመሽ እንባሽ አገጭሽ ላይ ሲንጠባጠብ ተዉሽ። እኔ ቤቴ ውስጥ በር ዘግቼ እንኳ አልቻልኩም፤ አጥሩ ጆሮ አለው እያልኩ። እዚህ ተቀምጧል።" ደረታቸውን በቡጢ መቱ፤ ድምፁ ባዶ ሳጥን የተመታ ይመስል ነበር። "ካልወጣ ይገድለኛል፣ ልጄ። እኔንም አሞኛል በያቸው።"

ዲንቄ አባቷን አየች። እንዲከለክላት ፈልጋ ነበር። ኤጀታ ግን፣ "ውሰጃት" አለ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ወረዱ። አገርነሽ ዲንቄን ስታያት፣ "ነጯን ጣያት። ዛሬውኑ" አለችና ሳትጠየቅ ቢጫዋን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረች።

"እርስዎስ? ያሳክክዎታል?"

"አይ።"

"ያቃጥልዎታል? ያማል?"

"አይ። ደርቋል።"

አገርነሽ መነጽሯን አወለቀች። ሴትየዋን አየቻቸው፤ ዲንቄን አየች፤ በመስኮቱ መንገዱን አየች። ማን እንደሆኑ ማንም አልነገራትም። ወደ ውስጥ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ነበር።

"ይሄ ለደረቀ ዓይን ነው" አለች። "እንባ መሰል ነገር ነው፣ ማርጠቢያ። ጉዳት የለውም። የፈለጉትን ያህል ቢያደርጉት አይጎዳም።"

"ይሄ ማልቀስን ያቆማል?" አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ።

"አያቆምም።"

"እሱን ስጪኝ።"

አገርነሽ በወረቀት ልትጠቀልልላቸው ጀመረችና ተወችው። "እንዲሁ ይያዙት። በእጅዎ" አለች።

ዳገቱን ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባሕር ዛፉ ሥር ሴትየዋ ቆሙ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው አንድ ጠብታ በአንደኛው፣ አንድ በሌላኛው አደረጉ። ውሃው በጉንጫቸው ወረደ። ለጥቂት ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የሚወርደው ከጠርሙሱ ከወጣው በላይ ሆነ። ድምፅ አላወጡም። ዲንቄ ክንዳቸውን ይዛ መሄድ ቀጠለች፤ መቆም ፈርታ ነበር።

ቀበሌው በር ላይ ዱቤ ነበር።

ዲንቄ ዞረን በሌላ መንገድ እንሂድ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሴትየዋ ግን አልዘገዩም። ቀጥ ብለው ወደሱ ሄዱ። እንባቸው ነጠላቸውን አርሶታል። ከእሱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሙ።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ዱቤ።

ሴትየዋ ጠርሙሱን ዘረጉለት።

ዱቤ አልተቀበለም። ጠርሙሱን አየ፤ የሳቸውን ፊት አየ። ዳንኤልን ያውቀው ነበር። በአንድ ሜዳ ኳስ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። የዱቤ ዓይን እንደ ቀላ ነው። ከበስተኋላው፣ ከቢሮው ውስጥ፣ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከበበ ከሆነ ሰው ጋር ይነጋገራል። ዲንቄ የዱቤን እጅ ነበር የምታየው፤ የክላሹን ማንገቻ ጨብጦ ለቀቀው፤ መልሶ ጨበጠው።

"ተላላፊ ነው ብያለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ቢሮው ውስጥ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "አትቁሙ እዚህ። ሂዱ። ቤታችሁ ሂዱ።"

ሄዱ። ዲንቄ ከኋላዋ ጥሪ ትጠብቅ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር እንደተጫነባት እስከ መታጠፊያው ድረስ አልዞረችም። ማንም አልጠራቸውም። አምኖ ይሁን ፈርቶ ይሁን፣ ወይም ሌላ ነገር ይሁን፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አላወቀችም።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤታቸው አልገቡም። ደጃፋቸው ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት በኩል፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሱ ጭናቸው ላይ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ከሥሩ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ደግመው ጠሩ። ዳንኤል ከሞተ ወዲህ ከዚያ አጥር ግቢ ያ ስም ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

ዲንቄ አጠገባቸው ቆማ ነበር። የሷም ጉሮሮ ላይ ያ ነገር መጥቶ ቆመ፤ ይህኛው የሚያሳክክ አልነበረም። አላለቀሰችም። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም እያየች፣ ሰው ቢመጣ ቀድማ ሴትየዋን ነክታ ለማስጠንቀቅ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ጠበቀች።